የሶፋ ሹመት

ደማም፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኅዳር 1988

ውድ ፍቅርአዲስ፣

የነጋዴዎች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ለመሆን ምን መማር እንዳለብሽ ጠይቀሽኝ ነበር። እኔ ትናንት ስለተሾምኩ ልንገርሽ።

የማኅበራችን አባላት፣ የበረዶ ፋብሪካ ባለቤቶች፣ እዚሁ ጎረቤት ከተማ ኾባር አንድ ሆቴል ተሰበሰቡ። አዳራሹን ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። አገር ቤት ስብሰባ ላይ «ኧረ ወደ ፊት ጠጋ በሉ» እያልን ሰው እንለምን የለ? እሱን አስቤ ፊት አራት ሶፋ፣ ከኋላ የወንበር መዓት ደረደርኩ። ለካስ እዚህ ኋላ የሚቀመጥ ማፊ፣ የለም! ሃያውም ባለሀብት ሶፋ ሶፋውን እያየ ቆሞ ቀረ። ሁለቱማ ሊሄዱ መኪናቸውን አስነሱ።

የማኔጅመንት ዲግሪዬን ባስታውሰው ምንም አላለኝም። ኮቴን አውልቄ፣ ሾፌራችን ሙዐዝ ከአንድ ጫፍ እኔ ከሌላው ይዘን፣ የሎቢውን ሶፋ ሁሉ ተሸክመን አስገባንና ግድግዳውን አስጠግተን ዙሪያውን ደረደርነው። ኋላ የሚባል ጠፋ፤ ሁሉም ፊት ተቀመጠ። ፕሬዚዳንቱ ጀርባዬን መታ መታ አድርጎ «ወላሂ፣ ሥራ አስኪያጅ ማለት አንተ ነህ! ኸላስ፣ አለቀ!» አለኝ። አምስት ዓመት ሪፖርት ስጽፍ ስሜን እንኳ አያውቀውም ነበር።

የመኖሪያ ፈቃዴ፣ ኢቃማዬ ላይ ሥራዬ «ጫኝና አውራጅ» ተብሎ መጻፉን ታውቂያለሽ። ይስተካከልልኝ እያልኩ እዚህ ያስመጣኝን ዋሴን፣ ካፊሌን ስነዘንዘው ኖሬአለሁ። ዛሬ ጠዋት ማመልከቻውን ቀደድኩት።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ። እትዬ የሺመቤትንና ልጆቹን ሳሚልኝ። አንቺም ትምህርትሽን ቀጥይ፤ ወገብሽን ግን አደራ።

ጋሻው