አብሮ የማይበራው ቲቪ

ጥር 14፣ ጠዋት
መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ጌም ቤቱ ሥራ ፈቷል። ጌሙን ስከፍተው ቲቪው አብሮ ይበራ ነበር፤ አሁን ጭልም። በሪሞት ባበራውም «ኖ ሲግናል» ይላል። ገመዱን ነቀልሁ፣ ሰካሁ። ወይ ፍንክች! ሊጫወቱ የመጡት ተማሪዎች አጉረምርመው ሄዱ።
እጮኛዬ ሀብታሙ ቢኖር። ሁሉንም የገጣጠመው እሱ ነው። ባሕር ዳር ሥራ ከያዘ ወዲህ የማየው ለበዓል ብቻ። ለጥምቀት ደግሞ ቀረ። ሥራ በዛብኝ አለ። ሠርጋችን እኮ የካቲት ላይ ነው፣ ማስታወሻዬ!

ጥር 15
ደወልሁለት። አያነሳም። እናቱን፣ እማማ ጥሩዬን፣ ገበያ አገኘኋቸው። የሠርጉን ጌሾ ሳነሳባቸው ዐይናቸውን ሰበር አደረጉ። ራሴን አሞኛል ብለው ሄዱ። ምን አስቀየምኋቸው?

ጥር 17፣ ከሰዓት
አነሳ! ስለ ቲቪው ነገርሁት። ቲቪውንም ጌሙንም ከሶኬት ንቀያቸው፣ ትንሽ ይረፉ፣ ቲቪውን አስቀድመሽ ሰኪ አለኝ። እንዳለኝ አደረግሁ። ከዚያ ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ፣ ሁለቱን አብሮ የሚያበራውን ምርጫ፣ መብራት ሲቋረጥ የጠፋውን፣ እንድመልስ እየመራኝ ሳለ ከወዲያ የሴት ድምፅ።
«ሀብቴ፣ ልጁን ያዝልኝማ፣ ወተቱ ሊገነፍል ነው!»
«የማን ልጅ ነው?» አልሁት።
«የኔ ነው፣ ትርንጎ። ልነግርሽ ነበር።»
ዘጋሁት። ቲቪው በርቷል። ምስሉ ጥርት ብሎ፣ የጌሙ ሙዚቃ እየጮኸ። በሩን ዘግቼ አለቀስሁ።

ጥር 18
እማማ ጥሩዬ መጡ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እንደ ለቅሶ ደራሽ። ያውቁ ነበር።
«አፌ እንቢ አለኝ፣ ልጄ። የወለድሁት ነውና።»
ልቆጣቸው ተነሳሁ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። ተውሁት። አብረን አለቀስን። ሲሄዱ ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ፤ ያዝኋቸው። እናት እላቸዋለሁ ብዬ ነበር።

ጥር 20
አባቴ ነገሩን ሰሙ። አሞኛል በይ፣ ሠርጉ በዚያ ይቅር፣ ሁለቱም ቤት አይዋረድ አሉኝ። አልልም አልኋቸው። አልታመምሁም።
የሠርጉን ነገር የያዙት ሽማግሌዎች ነገ ይመጣሉ። እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ። ልጅ አለው፤ ልጁን ያሳድግ እላለሁ። እርግማን የለም። ማልቀስ ግን፣ ማስታወሻዬ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማልቀስ ያስፈራኛል።