ከተማዬ የተሠራችበት ዲስክ

ጥር 4፣ ከቀኑ 9 ሰዓት

ፍሎፒዋ እንደገና ትንጫጫለች። ሦስተኛ ሙከራዬ ነው። የጨዋታው ሲዲ ፊት ሱቁ ውስጥ ባለው አዲሱ ኮምፒውተር እንቢ ብሎኛል። ጨዋታው ከኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ዊንዶስ 98 ካልሆነ አይከፈትም። አጎቴ ጋሼ ንጉሤ የፎቶ ቤቱ ጓዳ ውስጥ የጣላትን አሮጌ ኮምፒውተር ፈቀደልኝ። "ፕሮፌሰር፣ ከሰባተኛ ክፍል ያቋረጥሽውን እዚህ ጨርሺው" ብሎ ሳቀ። በክፋት አይደለም። ጆሮዬ ግን ጋለ።

ሁለት ዲስክ አላት። ሰማንያ ጊጋዋ ላይ የደንበኞች ፎቶ አለ፣ እንዳትነኪያት ብሏል። ሃያዋ የኔ። አሮጌው ፕሮግራም ግን አንዷን አሥራ ዘጠኝ፣ ሌላዋን አሥር ብሎ አሳየኝ። ሰማንያ የሚባል የለም። ልጠይቀው ብዬ እስከ መጋረጃው ሄድኩ። ለኪፓንዴ፣ ለኬንያ መታወቂያቸው፣ ፎቶ የሚነሱ ሰዎች ሞልተዋል። በሰው ፊት ደግሞ ፕሮፌሰር ሊለኝ ነው። ተመለስኩ። የኔ ትንሿ አይደለች? አሥሯ ናት ትንሿ። ያለባትን አጥፍቼ ፎርማት አደረግኳት።

ጥር 6፣ ከምሳ በኋላ

ደብተሬ፣ ተሳካ! ትናንት ድምፅ የለም፣ ቀለሙም አሥራ ስድስት ብቻ። ኢንተርኔት ጓዳው ስለማይደርስ የድምፁንም የቀለሙንም ፕሮግራም ከአሮጌ ሲዲዎች ካርቶን እየፈለግኩ ነው የጫንኩት። ዛሬ የድምፁን አገኘሁ።

ከተማ መሥሪያ ጨዋታ ነው። መንገድ ትዘረጊያለሽ፣ የውሃ ቧንቧ ትቀብሪያለሽ፣ ሰው በራሱ ጊዜ ይመጣል። ማንንም ሰላም ማለት የለብኝም። ጎልቦ አልኳት፣ በደረቁ ቆላችን ስም። ውሃ የማይቋረጥባት ጎልቦ። ግመሎቹም አይሰደዱም።

ጥር 9

እትዬ አስካለ መጡ፣ ምግብ ቤት ያላቸው ጎረቤታችን። ልጃቸው ሙሉጌታ ታኅሣሥ ላይ ነው የሞተው። አርባው ጥር 18 ነው። ለዕለቱ ድንኳኑ ውስጥ የሚቆም ትልቅ ፎቶ ፈልገዋል። ሙሉጌታ ፎቶ አይወድም ነበር። ያለው አንድ ነው፣ ከሁለት ዓመት በፊት እዚሁ ለኪፓንዴ የተነሳው። ኪፓንዴውን ራሱን ሞቱ ሲመዘገብ ለቺፉ፣ ለአካባቢው ሹም፣ አስረክበዋል። ሕጉ ነው።

ጋሼ ኮራ ብሎ "እኔ ጋ ፎቶ አይጠፋም እትዬ" አለ። "ፕሮፌሰር! ከትልቋ አውጪላቸው።"

ጓዳ ገባሁ። ኮምፒውተሯ ክዳን የላትም። ጎንበስ ብዬ ዲስኮቹ ላይ የተለጠፈውን አነበብኩ። ጎልቦ ያለችበት ላይ 80 ይላል።

አሥር ያላት ሰማንያዋን ነው። አሮጌው ፕሮግራም ያን ያህል መቁጠር አይችልም፤ ሲሞላበት እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። የሰው ሁሉ ፎቶ።

ወጣሁና "ትልቋ ዲስክ ዛሬ አልነሳም አለች" አልኩ። መሬት መሬት እያየሁ። እትዬ አስካለ ትከሻዬን ዳበሱኝ። "ተያት የኔ ልጅ፣ ነገ ትነሳለች። አትጨነቂ።"

እሳቸው ለኔ።

ጥር 11፣ ጥምቀት

ሁሉም ነጭ ለብሶ ታቦት ሊያጅብ ወጥቷል። ሆዴን አመመኝ አልኩ። ሌላ ውሸት። ድምፁን ዘግቼ ጎልቦ ላይ ዋልኩ። ሆስፒታል ሠራሁ። ጨዋታው መቃብር የለውም፤ ዛሬ ነው ያስተዋልኩት። ሴቭ።

ጥር 13

ፉንዲው ጉዮ ፕሪንተሩን ሊጠግን መጣ። እኔ መጋረጃው ጀርባ ነኝ፣ ጨዋታው ተከፍቷል። ጋሼ ስለ ዲስኳ ሲጠይቀው ሰማሁ። ለእትዬ አስካለም "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ኮፒ ይዤ ማስቀመጥ ነበረብኝ" ብሏቸዋል።

ጉዮ ሳቅ እያለ "ቢጠፋባት እንኳ ምንም ካልተጻፈባት አወጣልሃለሁ" አለ። "በተጻፈባት ቁጥር ግን ከሥር ያለው ይበላል። ከዚያ በቃ፣ ክዊሻ።"

"ማን ይጽፍባታል? ቆማለችኮ" አለ ጋሼ።

ስምንት ቀን። በየቀኑ ሴቭ።

ደብተሬ፣ ላንቺ ካልነገርኩሽ ለማን እነግራለሁ። ይህን ከሰማሁ በኋላ አንድ ጊዜ ደግሜ ሴቭ አደረግኩ። አዲስ ድልድይ ነበረኝ። እጄ ቀደመኝ ልልሽ ነበር። እጄ አይደለም። እኔ ነኝ።

ጥር 14፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ጋሼ ዛሬ ወደ ሱቅ በኋላ በር በኩል ዞሮ መጣ። በእትዬ አስካለ ደጅ ላለማለፍ ነው። ከሰው ዓይን ሸሽቶ የማያውቅ ሰው። የኔን እፍረት እሱ ይዞት ይዞራል።

ኮምፒውተሯ ከትናንት ጀምሮ እንደበራች ናት። ማጥፋቱንም ፈርቼው። ጨዋታው ሲዘጋ ሴቭ ላድርግ ይላል፤ ዊንዶሱም ሲጠፋ የሆነ ነገር ይጽፋል። ጎልቦን ትንሽ አየኋት። መኪኖቹ ድልድዩ ላይ ይሄዳሉ። ከዚያ መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀልኩ።

ጸጥ አለ።

ዲስኳን ፈትቼ በሻሼ ጠቅልያታለሁ። ገና ትሞቃለች። ጭኔ ላይ ናት። ይመለስ አይመለስ አላውቅም። የጻፍኩበት መጀመሪያው ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሙሉጌታ ወደ መጨረሻው ካለ... ጉዮ ነው የሚያውቀው። ወደ ጉዮ ከመሄዷ በፊት ግን ጋሼ ማወቅ አለበት።

ብቻውን እስኪሆን ልጠብቅ ነበር። እትዬ አስካለ አሁን ገቡ። ስለ ድንኳኑ ኪራይ ሊያማክሩት ነው መሰለኝ። ጋሼ ድምፁ ቀጥኗል።

ልጠብቅ? ይውጡ?

አይ። ለሁለቱም ነው የዋሸሁት። ፕሮፌሰር ይበለኝ። ከዚያም የባሰ ይበለኝ።

መጀመሪያ "ጋሼ፣ ዲስኳ አልቆመችም" እላለሁ። ቀጥሎ "እትዬ" እላለሁ፣ ቀና ብዬ እያየኋቸው፣ ከዚያ ሁሉንም። ሄድኩ።