ትልቋ ዓሣ ሴት ናት

ዑዘይር፣
የስፌት መኪናዬን ከመስኮቱ ሥር አንስተህ ኮሪደር ከወረወርክብኝ አምስት ዓመት ሆነ። ቦታዬን ለዓሣህ የመስታወት ገንዳ ሰጠኸው። ምነው ስልህ፣ "እታለም፣ አንቺ የትም ትሰፊያለሽ፤ ዓሣ ግን ቦታ ይመርጣል" ብለህ ሳቅህብኝ።

አሁን ስለ ዓሣህ ስማኝ።
"ወንዱ" የምትላት ተናካሿ ሴት ናት። ከጅዳ ዓሣ የሚልክልህን ሰውዬ ደውዬ ጠየቅሁት። ትልቋ ሁልጊዜ ሴት ናት፣ ባሏ ከሷ በጣም ማነስ አለበት አለኝ። አንተ እኩያዋን እያመጣህ አስገደልክ። ይህን የሰማሁት መጀመሪያው እንደሞተ ነው። ተቀይሜህ ዝም አልኩ፣ ሁለተኛውም ሞተ።
ለሱ አፉ በለኝ። ለሱ ብቻ።

እኔ ያስመጣሁትን አዲሱን ትንሹን ወንድ በተበሳ የላስቲክ ዕቃ አድርጌ፣ እዚያው ውኃዋ ውስጥ አሥር ቀን አስለመድኳት። ትናንት ለቀቅኩት። ስትቀርበው ይንቀጠቀጥላታል፣ እሷም ትተወዋለች። ሌላ እንዳታመጣባት።
ውኃው ሲጎድል ጨው የሌለው ጨምር፤ የሚተነው ውኃው ብቻ ነው፣ የባሕር ጨዉ እዚያው ይቀራል።

ፒያሳ ከሒክማ ሱቅ ጎን ክፍል ተከራይቻለሁ። መኪናዬን ጧት በባጃጅ ወሰድኳት። እዚያ መስኮቱ ሥር አስቀምጫት ነው ይህን ልጽፍልህ የተመለስኩት።

ዐዚዛ