የቀይ ፍሬ የሬዲዮ መረብ የራሱ ገጽ ይገባዋል ወይ፣ ታዱ?

ታዱዬ፣

ከተለየሽኝ ወዲህ ቡናው ሁለት ጊዜ ቀልቶ ሁለት ጊዜ ተለቀመ። ቤታችን እንደተውሽው ነው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር፤ ግን ያልሆነውን ሆነ ማለት አልችልበትም። የጓሮውን አቮካዶ ንፋስ ጥሎታል። የበረንዳው ቆርቆሮም ተቀይሯል። አዲሱ ቆርቆሮ የዝናቡን ድምፅ ስለሚያጎላው፣ ከሰዓት በኋላ ሸለብ ሲያደርገኝ ሜዳ ሙሉ ሰው የሚያጨበጭብ ይመስለኛል። ብንን ብዬ «ማን አገባ?» እላለሁ። ከወንበርሽ ላይ ቀና ብላ የምታየኝ ድመቷ ናት።

ዛሬ የምጽፍልሽ አንድ ጉዳይ ይዤ ነው። ሰላማዊትን ታስታውሻታለሽ፤ ዘጠነኛ ክፍል ያስተማርኳት፣ ቅዳሜና እሑድ በረንዳችን ላይ ካንቺ ጋር ጨዋታ ስትሰማ የምትውለው። አሁን አዲስ አበባ ሥራ ይዛለች። በትርፍ ጊዜዋ በኢንተርኔት ላይ ማንም በነፃ ለሚያነበው መዝገበ ዕውቀት ትጽፋለች። በመጀመሪያ ስለ ቀይ ፍሬ እግር ኳስ ቡድን ጻፈች። ቀጥላ ስላንቺ ሥራ ራሱን የቻለ ገጽ ከፈተች፤ «የቀይ ፍሬ የሬዲዮ መረብ» ብላ። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ሙሉ ስምሽ አለ። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አነበብኩት።

ብዙም ሳይቆይ ከሌሎቹ ጸሐፊዎች አንዱ ጥያቄ አነሳ። ይህ መረብ የራሱ ገጽ ይገባዋል ወይስ በቡድኑ ገጽ ውስጥ አንድ አንቀጽ ይበቃዋል? በገጹ አናት ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ውይይት ተከፈተ። ሰላማዊት ደውላ «ቲቸር፣ እርስዎ ካልጻፉ ማን ይጽፋል?» አለችኝ። ገጹ ከታጠፈ ስምሽ አብሮ እንደሚታጠፍ እሷም አልደበቀችኝም።

ይህን ደብዳቤ ሌላ ሰውም ሊያነበው ይችላልና ነገሩን ከሥሩ ላስቀምጥ፤ አንቺ ታውቂዋለሽ፣ ታገሺኝ። የከተማችን የአማን ትንሽ ሬዲዮ የቀይ ፍሬን ጨዋታ ያስተላልፍ ነበር፤ ሞገዱ ግን ተራራውን አይሻገርም። ቴፒ አይሰማም፣ ማሻ አይሰማም፣ ሸዋ ቤንችም እንደ አየሩ ጠባይ ነው። አንቺ ደግሞ ዕድሜሽን በስልክ ቤት የሰው ድምፅ ስታገናኚ የኖርሽ ነሽ፤ ጡረታ ወጥተሽም እጅሽ አላረፈም። ሬዲዮውን በረንዳው ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጪና ሞባይልሽን አጠገቡ አድርገሽ ሦስቱን ከተሞች በአንድ ጥሪ ታገናኚያለሽ። ቴፒ ላይ በቡና ማጠቢያው ግቢ፣ ሸዋ ቤንች ላይ በገበያው ዳር፣ ማሻ ላይ በልብስ ሰፊው በአቶ አደሎ ደጃፍ ሰው ተሰብስቦ ይጠብቅሻል። በየቦታው ያሉት ተቀባዮችሽ አማርኛውን ከስልኩ እየሰሙ በድምፅ ማጉያ በየቋንቋቸው ይናገሩታል። አንዲት ኳስ በቤንችኛ ትመታለች፣ በሸኮኛ ትሻገራለች፣ በሸካኛ ትገባለች።

እኔ የምወደው ግን ጨዋታው ሳይጀመር ያለውን ጊዜ ነበር። መስመሩ ተከፍቶ ማንም ሳይናገር፣ ከቴፒ የሞቀ ጫጫታ፣ ከሸዋ ቤንች የበግ ድምፅ፣ ከማሻ አንድ የሚስል ሰው ብቻ ይሰማል። ከማሳሉ ጀርባ ያለው ዝምታ ጉም ይመስለኝ ነበር። ዓይኔን ስጨፍን አገሩ ሁሉ በረንዳችን ላይ የተቀመጠ ያህል ይሰማኝ ነበር። አንቺም ጣትሽን ከንፈርሽ ላይ አድርገሽ ዝም በል ትዪኛለሽ።

ያቺን የሽንፈት ቀን አስታወስሻት? ቀይ ፍሬ ከሜዳው ውጭ ተጫውቶ፣ ሊያልቅ ሲል በግብ ጠባቂው እግር መካከል ጎል ገባበት። የልጁ እናት እማማ አስቴር ማሻ ላይ፣ አደሎ ደጃፍ ቆመው እየሰሙ ነበር። መሽቷል፤ ከጎናቸው ዘመድ የለም። የማሻው ተቀባይሽ አደሎ ክፉ ወሬ ለቆመ ሰው፣ ያውም ብቻውን ላለ ሰው፣ ያውም በምሽት አይነገርም ብሎ ያደገ ነው። «ፊሽካ ተነፋ፣ ወደየቤታችሁ ግቡ» ብሎ ማጉያውን ዘጋ። በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ የሰፈሩን ሽማግሌዎች ቀስቅሶ፣ ነጠላ ዘቅዝቀው፣ እማማ አስቴር ደጅ ቆሙ። ሴትዮዋ በሩን ከፍተው ያንን ሰልፍ ሲያዩ ጩኸታቸውን አቀለጡት። ጎረቤት እያለቀሰ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አደሎ እንደምንም አስቀምጧቸው «ጎል ገብቷል» አላቸው። «የማን ጎል?» «የልጅዎ... በእግሩ መካከል።» እማማ አስቴር ያነሱትን በርጩማ ሽማግሌዎቹ ናቸው ያስጣሏቸው። «ለአንድ ጎል ነው ነፍሴን ያወጣሃት፣ አንተ መርፌ ራስ!» እያሉ ግቢውን አዞሩት፤ ኋላ ግን ማንንም ቁርስ ሳያበሉ አልሸኙም። አደሎ ይህን በስልክ ሲነግርሽ ከሳቅሽ ብዛት ሬዲዮውን ከጠረጴዛው ጣልሽው። አንድ ጎኑ እስከ ዛሬ እንደተሰነጠቀ ነው።

ከዚያ በኋላ ማሻ ላይ ተጋጣሚ ጎል ባገባ ቁጥር አደሎ በመጀመሪያ «ቁጭ በሉ» ይላል። ሰው ይቀመጣል፤ ከዚያ ይነገረዋል። ነገሩ ወደ ቴፒ ወረደ፣ ሸዋ ቤንች ገባ፣ ዞሮ እኛው ሜዳ ደረሰ። የተጋጣሚ ደጋፊዎች ሲያገቡብን «ቁጭ በሉ!» እያሉ ይሰድቡን ጀመር። ይኸው ዛሬ የቡና ዋጋ የወረደ ዕለት ነጋዴው ለገበሬው የሚለው ይህንኑ ነው።

አንቺ ከእህትሽ ጋር ለሕክምና ርቀሽ ሄደሽ ሳለ፣ አንድ ሌሊት መስመሩ ያለ እኔ ሠራ። እህትሽ ለአደሎ ደወለች፣ አደሎ ለቴፒ፣ ቴፒ ለሸዋ ቤንች። አገሩ ሁሉ ሰምቶ እኔ ብቻ ተኝቼ ነበር። ጎሕ ሲቀድ በሬ ተንኳኳ። ሌሊቱን ተጉዘው የመጡት ሦስቱም ተቀባዮችሽ ከዕድራችን ሽማግሌዎች ጋር ቆመዋል፤ ጉሙ እስከ ጉልበታቸው ነው። አደሎ «መምህር፣ እስቲ ቁጭ ይበሉ» አለኝ። ታዱዬ፣ እግዜር ያሳይሽ፣ ለአንዲት ቅጽበት ፈገግ ብዬ «ማን አገባብን?» አልኩት።

አሁን ደግሞ እኔ ልንገርሽ፤ ቁጭ በይ። ቀይ ፍሬ ፈርሷል። አንቺ በሄድሽ በመጀመሪያው ክረምት ተበተነ፤ ማልያዎቹን የለቀማ ሠራተኞች ለብሰዋቸው አያለሁ። መስመሩ ግን አልፈረሰም። እሑድ በጨዋታው ሰዓት ስልክሽን ከፍቼ ሦስቱን አገናኛለሁ። ማን እንደሞተ፣ የት መንገድ እንደተቆረጠ፣ የየትኛው ሰፈር ቡና ቀድሞ እንደቀላ ይነገራል፤ ተቀባዮቹም ለየሰፈራቸው በማጉያ ያሰማሉ።

ለሰላማዊት ጥያቄ መልስ ስፈልግ ቀናት ወሰደብኝ። የመዝገበ ዕውቀቱን ደንብ አስወርጄ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ እውነት ለመናገር ወደድኩት። የአንድ ነገር ዝና ለዘመዱ አይተላለፍም ይላል። ቡድን ታዋቂ ስለሆነ ሬዲዮው ታዋቂ አይሆንም። ገጽ የሚገባው ነገር፣ ከባለቤቶቹ ውጭ የሆኑ ሰዎች በቂ አድርገው የጻፉበት ነው።

የእህትሽን ልጅ ፈተና አላርምም ብዬ ለሌላ መምህር የሰጠሁ ጊዜ እንዴት እንዳኮረፍሽኝ ትዝ ይለኛል። አሁንም እንደዚያው አደረግሁ። ውይይቱ ላይ መጀመሪያ የጻፍኩት «የሟቿ ባል ነኝ፤ ድምፄ አይቆጠር» የሚል ነው። ቀጥዬ የሚደግፈውን አስቀመጥኩ። መረቡ ከቡድኑ በኋላ በሕይወት አለ፤ ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ ቅርንጫፉ ለብቻው ሥር ሰዷል፤ ስለዚህ የቡድኑ አንድ ክፍል ብቻ ነው ማለት ትክክል አይደለም። በመጨረሻም የሚቃወመውን ጻፍኩ። ስለ መረቡ ጋዜጣ አልጻፈም፣ መጽሐፍ አላነሳውም። የምናውቀው የሠራነውና የሰማነው ብቻ ነን። እኛ ምስክሮች ነን እንጂ ምንጮች አይደለንም። በደንቡ ከሆነ ወደ ቡድኑ ገጽ ይግባ፤ ውጭ ያለ ሰው የጻፈበት ቀን የራሱ ገጽ ይመለስለት።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ሦስት ጊዜ ደግሜ አንብቤ ነው የላክሁት። ያንቺ ባይሆን ኖሮ እንዲህ አይከብደኝም ነበር፤ ያንቺ ስለሆነ ግን ማዳላት አልቻልኩም። አንቺም የሌለ ጎል አስገብተሽ አታውቂም። የሬዲዮው ድምፅ በተቆራረጠ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ ንገሪን እያለ ሲጮህ፣ «አልሰማሁም» ነበር የምትዪው።

ሐሙስ ዕለት ሰላማዊት ደወለች። ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም «ቲቸር፣ ቁጭ ብለዋል?» አለችኝ። ማሻን በዓይኗ አይታ የማታውቅ ልጅ፣ አዲስ አበባ መሃል ሆና። ቆሜ ነበር። ድመቷን አንስቼ ወንበርሽ ላይ ተቀመጥኩና «አሁን ንገሪኝ» አልኳት። ገጹ ታጥፏል። በቡድኑ ገጽ መጨረሻ አንድ አንቀጽ ተጨምሯል፤ በአማን የሚኖሩ አንዲት ጡረተኛ የስልክ ሠራተኛ ይላል። ስምሽ የለም።

እሑድ መስመሩን ከፈትኩ። ቴፒ ዝናብ ነበር፤ ማሻ ያ ሳል አሁንም አለ። ሁሉም የገጹን ውጤት ይጠብቁ ነበርና ጉሮሮዬን ጠርጌ «ቁጭ በሉ» አልኳቸው። ከሦስት ከተማ የበርጩማ ድምፅ ሰማሁ። ነገርኳቸው። አደሎ «አንድ አንቀጽ? ታዲያ ባዶ አልወጣንማ፣ መምህር!» አለ። ቴፒ ሳቀ። ሸዋ ቤንች ያለችው ተቀባይሽ ማንም ሳያዛት በማጉያው ሙሉ ስምሽን ከነአባትሽ ጠራች፤ ከገበያው ሰው እልል ሲል ተሰማኝ። ቴፒ ተቀብሎ ጠራው። ማሻም ጠራው፤ እኔም በረንዳው ላይ፣ ለድመቷና ለወደቀው አቮካዶ።

ከእንግዲህ እሑድ እሑድ መስመሩ ሲከፈት መጀመሪያ የሚነገረው ስምሽ ነው። ጉልበቴ እስካለ የማገናኘው እኔ ነኝ። እኔ የደከምኩ ዕለት ሰላማዊት ትቀበለኛለች፤ ጠይቄያት እሺ ብላለች።

ባልሽ