ስልኬና የማርያም ጽዋሽ

ለየሺዬ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ከተለየሽን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና መጠየቅ ወግ ነው። አንቺ ካለሽበት ጉንፋንም ጨጓራም ስለማይደርስ የእኔን ብቻ ልንገርሽ፦ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ መሰላል ሲያይ ያኮርፋል። ዛሬ ግን እሱም ተሽሎታል። ደስ የሚል ወሬ ይዤልሻለሁ፤ ዘልዬ ልነግርሽ ነበር፣ ግን “መምህሬ፣ ከመጀመሪያው ጀምር” ማለትሽ ስለማይቀር ከመጀመሪያው ልጀምር።

ቤታችን አድጓል። አንቺ “ሽቦ የሚያበቅል ቤት” ስትይው የነበረው አሁን ፍሬ አፍርቷል። የከተማችንን የንፋስ መውጫን ቧንቧ ታውቂው የለም? እንደ ሩቅ ዘመድ ነው፤ ሲመጣ አያስነግር፣ ሲሄድ አይሰናበት። እኔም አንገቱ ላይ ትንሽ መሣሪያ አሰርኩበት። ውኃው መንቆርቆር ሲጀምር ስልኬ ይጮኻል፤ ሰፈሩም ጀሪካኑን ይዞ ይነሳል። ጎረቤቶች አሁን ከእኔ ጤና በፊት የስልኬን ነው የሚጠይቁት። ግን እውነቱን ላውጣ፦ አንቺ ተኝተሽም ቢሆን ቧንቧው ሲያጉረመርም ቀድመሽ ትሰሚ ነበር። ሦስት ወር ለፍቼ የሠራሁት የአንቺን አንድ ጆሮ ነው።

የዶሮዎቹ በር ደግሞ አዋርዶኛል። ሲመሽ ራሱ እንዲዘጋ፣ ሲነጋ ራሱ እንዲከፈት ብርሃን የሚያይ ዓይን ገጠምኩለት። ስለ አገራችን ጉም ግን ለዓይኑ የነገረው የለም። ጉሙ ከጉና በኩል ሲወርድ፣ ከረፋዱ በአራት ሰዓት መሸ ብሎ ጥርቅም ይላል። ዶሮዎቹ ውጭ ቀርተው እንደ ቀበሌ ባለጉዳይ ተሰልፈው ያዩኛል። አውራው በቀን ሁለቴ ስለሚነጋለት ሁለቴ ይጮኻል፤ እሱ ብቻ ነው በሥራዬ የረካው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የማርያም ማኅበር ሙት ዓመትሽ እስኪወጣ ድረስ ቦታሽን ክፍት አድርጎ ጠበቀ። ከዚያ በኋላ ጉምጉምታ ተጀመረ። ሴት የሌለችበት ቤት ጽዋ እንዴት ይገባል? ጠላውንስ ማን ይጠምቃል? ቦታውን ለሌላ ሰው ብንሰጥስ? ተባለ። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት እትዬ አልጋነሽ፣ ያው ፊታቸው እንደ ፈተና ወረቀት የሚያስፈራው፣ አንድ ጊዜ ይደግስና እንየው ብለው ፈረዱ። ገባሽ አይደል? ተራውን ካበላሸሁ ከሙሽርነትሽ ጀምሮ የኖርሽበት ማኅበር ስምሽን ሊሰርዘው ነው። አርባ ዓመት ተማሪ ስፈትን የኖርኩ ሰው በጡረታዬ ተፈታኝ ሆንኩ።

መጋቢት ሃያ አንድ ቀን ጽዋውን ተሸክሜ ገባሁ። ገና ሳላስቀምጠው ስልኬን አወጣሁ። በፈረንጅ ሠላሳ ይላል። “በየወሩ በሠላሳ አስታውሰኝ” ብዬ አዘዝኩት፤ ከዚያ በኋላ የሚያሳስበኝ ጠላው ብቻ ሆነ። ጌሾውን ወቀጥኩ፣ ጠነሰስኩ፣ ደፈደፍኩ። ጋኑ ውስጥ ሙቀት መለኪያ ሰቅዬ ጠዋትና ማታ እየመዘገብኩ እንደ አራስ አስታመምኩት። አንቺ ክንድሽን ጋኑ ላይ አሳርፈሽ “ደርሷል” ትዪ የነበረውን እኔ ሁለት ደብተር ፈጀሁበት።

ጠላው ደረሰ። እኔም ማርያም ነገ ናት ብዬ ሊጡን በጠዋት አቦካሁ፤ ማታ ልጋግረው ነው። ጠዋት የቤተ ክርስቲያን ደወል ሰምቼ ነበር፤ ስልኬ ግን ገና ነው ስላለ ደወሉን ተጠራጠርኩ። ከሰዓት በኋላ ጉልበቴን ለምኜ ጣሪያ ላይ ወጣሁና የሶላሩን ገጽ ስወለውል ስልኬ ጮኸ። ውኃ መጣ ብዬ ደስ አለኝ። ለካ ግቢው በር ላይ የገጠምኩት ካሜራ ነው። ስከፍተው ስክሪኑ ነጠላና ጋቢ ብቻ ሆኗል። ከፊት ቄስ ሞላ ጥላቸውን ዘርግተው ቆመዋል። እትዬ አልጋነሽ ደግሞ ይህ ምንድን ነው ብለው ካሜራውን ሲመረምሩ አፍንጫቸው ግማሹን ስክሪን ወስዶታል።

የእኛ ወር ሠላሳ ቀን ነው፤ የፈረንጆቹ ያ ወር ሠላሳ አንድ ነበር። ስልኬ በአንዲት ቀን ዘገየ። ዳዴ የሚል ሕፃን እንኳ ማርያም መቼ እንደምትውል በሚያውቅበት ከተማ ውስጥ፣ ፊዚክስ ያስተማረ አንድ ሽማግሌ ብቻ ሳያውቅ ቀረ።

መጀመሪያ ልዋሽ አስቤ ነበር። ግን በሰማይና በምድር መካከል ተንጠልጥሎ፣ ቄስ ከታች ቀና ብለው እያዩ፣ ውሸት አይወጣም። ወርጄ በሩን ከፈትኩና ቀኑ እንደጠፋብኝ፣ ዳቦው ገና ሊጥ እንደሆነ ተናዘዝኩ። በቃ፣ የሺን አጠፋኋት አልኩ በልቤ። ቄስ ሞላ ጥላቸውን አጥፈው ጠጋ አሉ።

“ጠላውም ነገ ነው?” አሉኝ።

እሱስ ደርሷል አልኩ። ገቡ።

ሊጡን ኤሌክትሪክ ምድጃው ውስጥ ከተትኩት። መብራቱ ያን ዕለት አልጠፋም፤ እሱም እንደ እኔ ቀኑ ጠፍቶበት ይሆናል። ጠላውን ቀዳሁ። ቄስ ሞላ አንዴ ቀመሱና ዋንጫውን መልሰው ዘረጉት። አልኩራራም። ግን ሁለቴ ነው የዘረጉት።

ዳቦው ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀ። እንግዳ ሁሉ ባዶ ሰፌድ ከቦ ምን ያድርግ? ወሬው ወደ አንቺ ዞረ። እትዬ አልጋነሽ የመጀመሪያ ተራሽን አነሱ። እኔ ለሥልጠና ደብረ ታቦር ሄጄ ሳለ የጋገርሽው ዳቦ ልቡ ጥሬ ሆኖ፣ አንቺ ከበሩ ኋላ ቆመሽ ስታለቅሺ፣ እነሱ ግን ዙሪያውን እየቆረሱ እስከ መጨረሻዋ ቅርፊት በልተው፣ ለባልሽ ላይነግሩ ቃል ገብተውልሽ ነበር አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ሸሽገሽኛል ማለት ነው! እኔን ባቃጠልኳት አንዲት ፊውዝ ስታሳጪኝ የኖርሽ ሴት! ሳቅሁ፣ ሳቅሁና ዳቦው ሊያርርብኝ ነው ብዬ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ዳቦው እንኳ ገና ነበር፤ ፊቴን ነው የደበቅሁት።

ዳቦው ወጣ፤ አንድ ጎኑ ጠቁሯል፣ ልቡ ግን በስሏል። ቄስ ሞላ ባረኩት፣ ተቆረሰ፣ ተበላ። ጽዋው ለቀጣዩ ባለ ተራ ሊሰጥ ሲል እትዬ አልጋነሽ ብድግ አሉ። እኔ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

“ጽዋው በየሺ ስም ይጠራል” አሉ። “መምህር ተሸካሚዋ ነው። ቀኑን ግን ሰው ይንገረው።”

በማኅበሩ ቀረሽልን፣ ዓለሜ። ቦታሽ አልተነካም። ይህንን ልነግርሽ ነው እንዲህ የቸኮልኩት።

ስልኬን አልጣልኩትም፤ ውኃ ይጠብቅ። የአንቺን ቀን ግን ለእሱ አልሰጥም። በአሥራ ሁለት ከሚካኤል እነሳለሁ፤ በአሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረትን እሳለማለሁ፤ በአሥራ ዘጠኝ ገብርኤል ላይ ስደርስ ሁለት ቀን ብቻ ይቀረኛል። በማግስቱ ሊጤን አቦካለሁ። ተራዬ ሆነም አልሆነ በየወሩ አንድ ዳቦ ታቅፌ እሄዳለሁ፣ ከሴቶቹ መካከል እቀመጣለሁ፤ “የሺ” ተብሎ ሲጠራ አቤት የምለው እኔ ነኝ።