ተኝቶ የሚጠብቀው ጡረተኛ

ሰኞ

ዛሬም አሸነፈኝ። ይሄ ዜና አይደለም፤ ገመቹ እኔን ማሸነፍ ከጀመረ ስንት ዓመቱ ነው። ሀዊ ጌም ቤት ያለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው ያደግነው ማለት ይቻላል። እሱ ሁልጊዜ ቦክሰኛውን ይመርጣል። እኔ ያገኘሁትን መርጬ እሸነፋለሁ። የቤቱ ሕግ ተሸናፊ ይነሳል ነው፤ እነሳለሁ።

ዜናው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባጃጄ ውስጥ ሳምቡሳ እየበላን አፉን እንኳ ሳይጠርግ «የሚመጣው ሰኞ እሄዳለሁ» አለኝ። የት? በጅቡቲ መንገድ ወጥቶ፣ ባሕሩን ተሻግሮ የመን፣ ከዚያ ሳውዲ። ደላላው ሁሉን ጨርሷል። ከአዳማ የሚወጡት በጭነት መኪና፣ ከሸራው ሥር ነው። የሰፈራችን ልጅ ጀማል በዚሁ መንገድ ሄዶ እስከ ዛሬ ድምፁ አልተሰማም። ይህን ስለው «እኔ ጀማል አይደለሁም» አለ። ጀማልም ሲሄድ ጀማል አልነበረም፣ ልለው ፈልጌ ተውኩት።

ጮህኩበት። ለመንኩት። ለእናትህ እነግራለሁ አልኩት።

«ከነገርካት ሰኞን አልጠብቅም። የዚያኑ ዕለት ነው የምወጣው» አለ። እንደሚያደርገው አውቃለሁ። ለእናቱ መንገሩን ተውኩት።

በመጨረሻ የቂል ነገር ተናገርኩ። ቅዳሜ እንጫወት፣ አምስት ጊዜ ቀድሞ ያሸነፈ፤ እኔ ካሸነፍኩ ትቀራለህ። ሳቀ። ሳምቡሳው ትን እስኪለው ሳቀ። «እሺ፣ በእናቴ!» አለ። የማለው እንደማይሸነፍ ስለሚያውቅ ነው። እኔም አውቃለሁ። ታዲያ ለምን አልኩት?

ማክሰኞ

ተሳፋሪ ስጭንና ሳወርድ ሳስብ ዋልኩ። ገመቹ የሚያሸንፈኝ በእጁ ፍጥነት ብቻ አይደለም። ያውቀኛል። ስፈራ እዘላለሁ። ስናደድ ዝም ብዬ ወደፊት እሄዳለሁ። ልሸነፍ ስል እግር እሰነዝራለሁ። በዚያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተነካክተን ስለምንቀመጥ ቁልፍ ከመጫኔ በፊት ክርኔ ይነግረዋል።

ስለዚህ እሱ የማያውቀው ሰው ያስፈልገኛል። ያን ጊዜ ጡረተኛው ትዝ አለኝ።

ጌሙ ውስጥ ጥግ ላይ የቆመ፣ ማንም የማይመርጠው ሽማግሌ አለ። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ ጡረተኛው ነው የምንለው። ነጭ ጢም፣ ሰፊ ሱሪ። ይንገዳገዳል። ለተጋጣሚው ጀርባውን ይሰጣል። ድብድቡ መሃል መሬት ላይ ቁጭ ይላል። አንዳንዴ ማንም ሳይነካው ይወድቃል።

ጠዋት ጠዋት ጌም ቤቱ ባዶ ስለሆነ ሀዊ ትለቅልኛለች። የቤቱ ባለቤት ናት፣ ምላሷ ምላጭ ነው። ጡረተኛውን ስመርጥ አይታ «ናቲ፣ ጤና የለህም እንዴ? ለሰውየው የጡረታ ደብተር አውጣለትና ይረፍ!» አለችኝ። ገመቹን ላሸንፈው ነው አልኳት። «ኧረ በሕልምህ!» ለምን እንደሆነ አልነገርኳትም።

ከኮምፒውተሩ ጋር ተጫወትኩ። ተሸነፍኩ። ደገምኩ፣ ተሸነፍኩ። የገባኝ ይህን ያህል ነው፦

ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ኋላ የሚሰነዝረው ክርን ፈጣን ነው።
ቁጭ ሲል ቡጢ በላዩ ያልፋል። እርግጫ ግን ያገኘዋል።
መውደቁ ምን እንደሚጠቅመው አልገባኝም።
የጆይስቲኩ የግራ ቁልፍ እየተጣበቀ ይይዛል። ሀዊ አትቀይረውም።

ረቡዕ

ገባኝ!

አንድ የጋራዥ ሠራተኛ መጥቶ ገጠመኝ። እየቀጠቀጠኝ ሳለ ጡረተኛው ወደቀ። እጄ አልቦኝ ስለነበር ጆይስቲኩን ትቼ ሱሪዬ ላይ ጠረግኩት። ጡረተኛው እንደተዘረጋ ቀረ። ሰውዬው ያለቀ መሰለውና ወደ ሀዊ ዞሮ «ይሄን ሰው አስነሽልኝ» ብሎ ሳቀ። ያኔ ቁልፉን ተጫንኩት። ለካ ጡረተኛው ከተኛበት ሁለት እግሩን አንድ ላይ ሰንዝሮ ነው የሚነሳው። ተጋጣሚው የራሱን እግር ካልጠበቀ ከዚያ በኋላ ማቆሚያ የለውም። አሸነፍኩ። ደግሞ ገጠመኝ። ደግሞ አሸነፍኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር አይደሰትም፣ ሰው ይደሰታል። ያሸነፈ ሲመስለው ትከሻው ይወርዳል፤ አጠገቤ ስለተቀመጠ ትከሻው ሲወርድ ይሰማኛል። መምታት ያን ጊዜ ነው። ቀድመህ ከተነሳህ ዋጋ የለውም። ከባዱ ነገር መውደቅ አይደለም፣ ወድቆ መቆየት ነው። መላ ሰውነትህ ተነስ ተነስ ይልሃል።

ከሰዓት የገመቹን እናት እትዬ ጫልቱን ገበያው በር ላይ አገኘኋቸው። ሽንኩርት ገዝተው ሰው የሚሸከምላቸው አጥተው ቆመዋል።

«ናቲ ኮ! አካም ጂርታ? የኔ ናቲ፣ እንዴት ነህ? ጌታ ነው የላከህ» አሉኝ። ባጃጅ ውስጥ ገብተው ገና ሳይደላደሉ ስለ ልጃቸው ጀመሩ። «ገሜን ምን አድርገህልኝ ነው? ሰሞኑን ሌላ ሰው ሆነ እኮ! ጣሪያውን ደፈነልኝ። የሮቶውን ቧንቧ ቀየረልኝ። ትናንት ደግሞ ጉልበቴን ሲያሽልኝ አመሸ። ልጄ ልብ ገዛ።»

«አዎ እትዬ፣ ልብ ገዝቷል» አልኳቸው።

ሽንኩርቱን እስከ ጓዳ ተሸክሜ አስገባሁላቸው። ጣሪያውን ቀና ብዬ አየሁት፤ አዲሱ ቆርቆሮ ያበራል። ሊሄድ ስለሆነ ነው፣ ሳልላቸው ባጃጄን አስነስቼ ወጣሁ።

ሐሙስ

ዛሬ ጅል ሆኛለሁ።

ገመቹ ስለ ጡረተኛው ሰምቶ መጣ፤ ሀዊ ነች የነገረችው። «እስቲ ሽማግሌህን አሳየኝ» ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ኩራት ያዘኝና ገጠምኩት። መጀመሪያ አሸነፈኝ። ሁለተኛው ላይ ወደቅኩ፣ ቆየሁ፣ ትከሻው ወረደ፣ መታሁት። ወደቀ። ሀዊ አጨበጨበች።

ገመቹ ጆይስቲኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ስትወድቅ ምን እያሰብክ ነው?» አለኝ።

«ምንም። አንተ እስክትደሰት ነው የምጠብቀው።»

«ካልተደሰትኩስ?»

«ሰው አይደለህ? ትደሰታለህ።»

ራሱን ነቀነቀ።

ውጭ ስንወጣ «ቅዳሜ እኔ ካሸነፍኩ ግን ዝም ትላለህ አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ። ንድድ አለኝ። «አልልም! ብታሸንፈኝ እሁድ ለእናትህ እነግራቸዋለሁ፣ ደጃችሁ ላይም ባጃጄን ገትሬ አድራለሁ፣ በላዬ ላይ ነው ረግጠህ የምትወጣው!» አልኩት። መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን።

«እንደዚያ ነው?» አለ፣ ቀስ ብሎ። ከዚያ ሄደ።

እጄ ላይ የነበረውን ሁሉ በአንድ ቀን አሳየሁት። ጡረተኛውንም፣ ሐሳቤንም። ለዚህ ነው ሁልጊዜ የምሸነፈው።

አርብ

መብራት የለም። ቀኑን ሙሉ አልመጣም። ሀዊ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ መብራት ኃይልን ስትሰድብ ዋለች።

ነፋሱ አቧራውን ያነሳዋል። ሥራ የለም። የጅቡቲ ተሳቢዎች የሚሰለፉበት ድረስ ነድቼ ዝም ብዬ ሸራቸውን አየሁ። ከዚያ ሥር ሰው እንዴት ይተነፍሳል? አንዱ ሹፌር «ምን ጠፍቶህ ነው?» ሲለኝ ምንም አልኩት።

የሚሄድበትን ምክንያት አላጣሁትም። ኮሌጅ ጨርሶ ብሎኬት ማምረቻ ነው የሚሠራው። ሲሚንቶው እጁን ስለበላው ጆይስቲክ ሲይዝ ጣቱ ይደማል። «አትሂድ» ማለት ለእኔ ቀላል ነው። «ቀርቼስ?» ሲለኝ ግን መልስ የለኝም። የማቀርብለት ነገር ቢኖረኝ ኖሮ በጌም አልለምነውም ነበር።

ነገ አላሸንፍም። ይህን ለራሴ አስቀድሜ ልንገረው።

ቅዳሜ

አሸነፍኩ። አሸነፍኩ። አሸነፍኩ።

ቤቱ ጢም ብሎ ነበር። ሦስት ለምንም መራኝ። ለምን እንደምንጫወት የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም፤ ሁሉም ይስቃል፣ ሀዊ «ጡረተኛው ይሙት!» ትላለች። አራተኛው ላይ ጀርባዬን ሰጥቼ ቆምኩለት፣ አመነኝ፣ ክርኑን ቀመሰ። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ከዚያ ወደቅኩ። አንድ አንድ እያልኩ አራት ለአራት ደረስን።

የመጨረሻው ላይ አንድ ምት ከነካኝ አለቀልኝ። ጡረተኛውን ጣልኩትና እጄን ከቁልፉ አነሳሁ። ቆየሁ። ትከሻውን ጠበቅኩ። ትከሻው አልወረደም። ግን ቦክሰኛው መጣ። እግሩን ሳይጠብቅ ቀጥ ብሎ መጣ። ገመቹ እግሩን ሳይጠብቅ ሲመጣ አይቼ አላውቅም፤ ደንግጦ መሆን አለበት። ተጫንኩት። ወደቀ።

ሀዊ ወንበር ላይ ወጥታ ጮኸች። ገመቹ «ተሸናፊ ይነሳል» ብሎ ራሱ ተነሳ፣ ጆይስቲኩን በሁለት እጁ ሰጠኝ።

ውጭ አቀፈኝ። «ቃሌ ቃል ነው፣ ቀረሁ» አለ። ሊሄድበት ያዘጋጀውን ጥቁር ቦርሳ ከቤት አምጥቶ ባጃጄ ውስጥ አስገባው። «አንተ ጋ ይቀመጥ፣ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይነሳል» አለኝ። አለቀስኩ። ሰው እያየኝ አለቀስኩ። አቮካዶ ጁስ ጠጣን፣ ጢሙ ላይ ቀርቶ ሳቅኩበት።

እሁድ

በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠግቤ ተኛሁ።

ከሰዓት ባጃጄ ውስጥ እግራችንን ዘርግተን ዋልን። ብዙ አላወራም። በመሃል «ባጃጅ መንዳት ታስተምረኛለህ?» አለኝ። ማክሰኞ እንጀምራለን አልኩት። «ማክሰኞ» አለ እሱም። ሥራ ልንካፈል እንችላለን፣ ጠዋት እኔ፣ ከሰዓት እሱ። ለ«ቀርቼስ?» መልስ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ።

ሳይመሽ «እናቴ ትጠብቀኛለች» ብሎ ሄደ። ሐሙስ እንደዛትኩት ደጃቸው ላይ ልደር ይሆን ብዬ አሰብኩ። ከዚያ አፈርኩ። በእናቱ የማለ ሰው እንዴት ይጠረጠራል? ባጃጄን አጥቤ ገባሁ።

ሰኞ

የቀሰቀሰኝ ስልክ ነው። እትዬ ጫልቱ።

«ናቲ ኮ፣ ገሜ አንተ ጋ ደህና አደረ?»

እኔ ጋ አላደረም። «አዎ እትዬ፣ ተኝቷል» አልኳቸው። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

«አትቀስቅሰው፣ ይተኛ። ሰሞኑን ደክሞታል። ሲነቃ ብቻ ንገረኝ።»

ቦርሳውን ከፈትኩት። ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ነው የተጠቀጠቀበት። ተጣጥፎ፣ ልብስ እንዲመስል ተደርጎ።

ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ። ትከሻው ያልወረደው ስላልተደሰተ ነው። እግሩን ያልጠበቀው ደንግጦ አይደለም። ቢያሸንፈኝ ኖሮ እሁድ ለእናቱ እነግር ነበር፣ ደጁ ላይም አድር ነበር፤ በአፌ ነግሬዋለሁ። ስለዚህ ወደቀልኝ። ወድቆ ቆየ፣ እኔ እስክደሰት ጠበቀ። እኔም ተደሰትኩ፣ ባጃጅ አጥቤ ተኛሁ። ያስተማርኩት ራሴ ነኝ።

አሁን ወለንጪቲ ነኝ፣ በጅቡቲ መንገድ መኪኖቹ ለቁርስ የሚቆሙበት። ባገኘሁት የመጀመሪያ ሚኒባስ መጣሁ። ደብተሬን ትቼ ስለወጣሁ ስልኬ ላይ ነው የምጽፈው። የእሱ ስልክ ዝግ ነው። ኬላ ላይ ላስይዘው አሰብኩ፤ የትኛው መኪና ብዬ? ታርጋ አላውቅም፣ ቀለም አላውቅም። በቆመው ተሳቢ ሁሉ ዙሪያ እየዞርኩ ሸራውን በመዳፌ መታሁ። ገሜ! ገሜ! አንዱም ሸራ አልመለሰልኝም።

ሻይ የሚጠጣ አንድ በዕድሜ የገፋ ሹፌር ሲያየኝ ቆይቶ ጠራኝ። «ወንድምህ ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ሌሊት ያለፈ አሁን አዋሽን ተሻግሯል። ተመለስ፣ ለእናታችሁ ንገር።» ሻይ አዘዘልኝ። ሳልጠጣው ተነሳሁ።

ምናልባት አልሄደ ይሆናል። ምናልባት መኪናው ተበላሽቶ የሆነ ቦታ ቆሞ ይሆናል። ምናልባት ነገ ማክሰኞ ባጃጁ ጋ ቆሞ ይጠብቀኝ ይሆናል። እንዲህ እያልኩ የቆሙትን መኪኖች ደግሜ ዞርኳቸው።

ስልኬ እየጠራ ነው። እትዬ ጫልቱ ናቸው። ነቃ ወይ ሊሉኝ ነው።