ልጅ ሲወለድ የሚበላውን ብስኩት ለሚጋግሩልን ለክቡር ሥራ አስኪያጃችን

ለክቡር አቶ ዲደሪክ ሃሴላር
የሃሴላርና ልጆች ብስኩት ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ዛን ወንዝ ዳር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እርስዎን፣ ባለቤትዎን፣ ልጆችዎንና በበጋው የገዟትን ነጭ ጀልባ በሙሉ ጤንነት እንዲያገኛችሁ ምኞቴ ነው። እንቅልፍዎ የተመቸ፣ ምግብዎ የተስማማ፣ ወገብዎም ከዓምናው የተሻለ ይሁንልዎ። ደብዳቤውን እንደ ደንቡ በሰው ሀብት ክፍላችን በኩል ልልክልዎ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ክፍሉ ለሚደርሰው ሁሉ «ተቀብለናል፣ ተራዎን ይጠብቁ» የሚል መልስ ስለሚሰጥ፣ እኔም ተራ መጠበቅን ከዚህ በፊት ሞክሬው እንዳልበጀኝ ከዚህ በታች ስለሚያነቡ፣ በከተማችን ጋዜጣ በኩል እንዲደርስዎ መርጫለሁ። ለድፍረቴ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ስሜ ሬይንደርት ስሎት ይባላል። የምሠራው በመቁረጫ ክፍል ነው። በስም ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ በኖቬምበር ምሳ ቤት ውስጥ ሰሃን ይዤ ስዞር ከእጄ ሁለት ብስኩት ያነሱልኝ ረጅሙ ሰውዬ ነኝ።

አገራችን ልጅ ሲወለድ ብስኩት እንደምትበላ ለእርስዎ መንገር ለዓሣ ስለ ውኃ እንደ መንገር ነው። ቅቤ ይቀባል፣ በላዩ ላይ «አይጦች» የምንላቸው በስኳር የተለበጡ የእንስላል ዘሮች ይነሰነሳሉ፣ ለሴት ልጅ ሮዝና ነጭ ይሆናል፣ ከዚያም አባት ወይም እናት በሰሃን አድርገው ለሥራ ባልደረቦቻቸው ያዞራሉ። ያንን ብስኩት የምንጋግረው እኛ ነን። ቤትዎም፣ መኪናዎም፣ ጤንነት የተመኘሁላት ጀልባም ከዚያ ሰሃን ላይ የተገኙ ናቸው። ነፍሳቸውን ይማርና አያትዎ ይህን አልዘነጉትም ነበር። መጀመሪያ ከምድጃ የወጣው ክብ ዳቦ ሳያርፍ ቢቆረጥ ይፈረፈራል ብለው አንድ ሌሊት የሚያድርበት ማረፊያ ክፍል ሠሩለት፤ ዳቦው ተቆርጦ ዳግመኛ የሚጋገረው ካረፈ በኋላ ነው። እኒሁ ሰው ልጅ ላገኙ ሠራተኞቻቸው፣ ለእናትም ለአባትም፣ ሕግ ከሚያስገድደው በላይ ሙሉ ደመወዝ ያለው ዕረፍት ሰጡ። በዓመት ፈቃዱም ላይ «የማረፊያ ቀን» ብለው የሰየሟቸውን ተጨማሪ ቀናት ደረቡበት። የፈለገ እነዚህን ቀናት ያጠራቅማቸው ነበር።

እርስዎ ይህን አሻሻሉት። ስለ ማሻሻያው የሚሰማኝን ምስጋና በቁጥር ለይቼ አቀርባለሁ።

፩ኛ. በኦገስት ስለተለጠፈው «የጥቅማጥቅም ማጣጣሚያ መመሪያ» አመሰግናለሁ። በተለይ ስለ ቃሉ። በእኛ ፋብሪካ ማጣጣም ማለት የፈረቃ ኃላፊያችን ኮር ጠዋት ጠዋት ከምድጃ የወጣውን አንዱን ቆርሶ፣ አፉ ውስጥ ሁለት ጊዜ አገላብጦ፣ «ጨው ከድቶታል» ወይም «በሉ ይሂድ» የሚልበት ሥራ ነው። ስለዚህ ማስታወቂያውን ስናይ አዲስ ጣዕም ሊወጣ መስሎን ነበር፤ ከመካከላችን አንዱ እንዲያውም ቀረፋ ይሆናል ብሎ ተወራርዶ ነበር። ለካስ ማጣጣም ማለት ጥቅማችንን ከአካባቢው ፋብሪካዎች ጋር እኩል ማድረግ ነው፣ የአካባቢው ፋብሪካዎች ደግሞ ከእኛ ያነሰ ይሰጣሉ። ለእናቶች ይጨመር የነበረው ሙሉ ደመወዝ ቀረ፣ የአባቶች ዕረፍት ሕጉ ግድ ወደሚለው አንድ ሳምንት ወረደ፣ ከዚያ የሚተርፈው በተቀነሰ ደመወዝ «ሥራ በማይበዛበት ወቅት ተከፋፍሎ» የሚወሰድ ሆነ። ቋንቋችንን ስላበለጸጉልን ውለታዎ አለብን።

፪ኛ. ስለ ተቃጠሉት ቀናት አመሰግናለሁ። እኔና ባለቤቴ ሄስተር ልጅ ለማግኘት ብዙ ዓመት ጠብቀናል። ሌላው ለልጁ ገንዘብ እንደሚያስቀምጥ እኛ የማረፊያ ቀን እናስቀምጥ ነበር። ጎረቤቶቻችን በየበጋው ካራቫን የሚሉትን ተጎታች ቤታቸውን ጎትተው ወደ ፈረንሳይ ሲወርዱ እኛ በረንዳችን ላይ ተቀምጠን ድመታቸውን እንጠብቅላቸው ነበር፣ ደስ እያለንም ነበር፣ ምክንያቱም የምናስቀምጠው ለማን እንደሆነ እናውቃለን። መመሪያዎ ግን እስከ ሴፕቴምበር መጨረሻ ያልተወሰደ የማረፊያ ቀን ይቃጠላል አለ። የሰው ሀብቷን ወይዘሮ ኢልሰን ልለምናት ሄድኩ። ልጃችን የምትጠበቀው በጃንዋሪ ነው፣ በሴፕቴምበር ዕረፍት ወጥቼ ማንን ልንከባከብ አልኳት። ደግ ሰው ናት፣ ዓይኗም እንባ አቅርሮ ነበር። «ሬይንደርት፣ እኔ ምን ላድርግህ? በእጄ ቢሆን እሰጥህ ነበር። ሲስተሙ ራሱ ነው የሚያቃጥለው» አለችኝ። በእኛ ክፍል አንድ ትሪ ብስኩት ያቃጠለ ሰው ማስጠንቀቂያ ይጻፍበታል። የብዙ ዓመት ቀን ያቃጠለ ምን እንደሚደረግለት ሳጠያይቅ፣ በዓመታዊው ሪፖርት ላይ «ብቁ አመራር» ተብሎ እንደሚመሰገን አነበብኩ።

፫ኛ. ወደ ፍሬ ነገሩ ልምጣ። ልጃችን ፌና መመሪያውን ሳታነብ በኖቬምበር መጀመሪያ ተወለደች። በጣም ቀድማ መጣች። በአምስተርዳም ሆስፒታል ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ አስገቧት፣ በአፍንጫዋ ቱቦ፣ በእግሯ ሽቦ፤ ነርሷ እጄን በጎን ባለው ቀዳዳ አስገብታ «እንዲህ አድርግና ዝም በል፣ አታሻሻት፣ እጅህ መሆኑን ታውቃለች» አለችኝ። አንድ ሳምንቴን እንዲያ አሳለፍኩ። ሄስተር የቀዶ ሕክምና ቁስሏ ገና ስላልዳነ ብዙ መቀመጥ አትችልም ነበር፤ እየተፈራረቅን እጃችንን እናስገባ ነበር። «አንተ እጅህን ስታወጣ ትንፋሿ ይፈጥናል፣ አየኸው?» ትለኝ ነበር። አይቼው ነበር።

ሳምንቱ አለቀ። ቀሪውን ዕረፍት ጠየቅኩ፣ የበዓል ገበያው ሞቅ ያለበት ወቅት ስለሆነ ከጃንዋሪ ወዲያ እንዳደርገው ተመከርኩ። ማመልከቻዬም ተራ ያዘ። እንቢ ብዬ መቅረት ነበረብኝ ይሉ ይሆናል፤ ሄስተርም እኔም ያንን ብዙ ጊዜ ብለነዋል። የቤት ኪራይ ያለበት ሰው ግን ሥራው ሲጠራው ይሄዳል። ሄድኩ፣ በባዶ እጄም አልሄድኩም፣ እንደ ወጉ ሮዝና ነጩን ነስንሼ ሰሃኔን ይዤ ገባሁ። እርስዎ ከላይ ወርደው ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፣ አንዱን አነሱ፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን። «እንግዲህ እንቅልፍን ደህና ሁኚ በላት!» አሉኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ወጥተው ሲሄዱ ደግሞ ወደ ኋላ ዞረው «በርቱ ልጆች፣ አንድ ሕፃን ማለት ለእኛ አንድ ጥቅል ብስኩት ነው!» አሉ። ሕፃኗ የት እንዳለች አልጠየቁኝም፤ እኔም አልነገርኩዎትም፣ ደስታዎን ላበላሽ አልፈለግኩም።

፬ኛ. ስልክ በመቁረጫ ክፍል ውስጥ ስለመከልከሉ ከልቤ እስማማለሁ፤ ምግብ ነው የምንሠራው፣ ንጽሕና ያስፈልጋል። በዚያው ሰሞን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሆስፒታሉ ሲደውል ስልኬ እንደ ደንቡ ልብስ መቀየሪያው ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎ ነበር። ደጋግመው ደውለዋል። ከዚያ ወደ ፋብሪካው ቢሮ ደወሉ፣ ቢሮውም መልእክቱን ተቀብሎ ለሻይ ዕረፍት ስወጣ እንዲነገረኝ አስቀመጠልኝ፣ ምክንያቱም የበዓሉ ትእዛዝ ስለነበር መስመሩ እንዳይቆም ተብሎ ነበር። ነገሩን የሰማው ኮር ነው። እየሮጠ መጣ፣ ኮር ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ ማሽኑን በገዛ እጁ አጠፋው። «ሂድ» አለኝ። «ልብስህን አትቀይር፣ እንዳለህ ሂድልኝ፣ ሂድ!»

ነጭ ልብሴን ለብሼ፣ የፀጉር መሸፈኛዬን እንኳ ሳላወልቅ ደረስኩ። ሄስተር ፌናን ደረቷ ላይ አስተኝታ ብቻዋን ተቀምጣ ነበር። ሽቦዎቹ ሁሉ ተነቅለዋል። «ቀዝቅዛለች፣ ግን ያዛት» አለችኝ። ያዝኳት። ልጄ ስትሞት እጄ የእርስዎን ዳቦ እየቆረጠ ነበር፣ ይህንንም እስክሞት ይቅር አልልም፣ ለእርስዎም ለራሴም። በአክብሮት እንድጽፍ ለራሴ ቃል ስለገባሁ ከዚህ በላይ አልልም።

፭ኛ. ከቀብሯ በኋላ ማመልከቻዬ ተራው ደርሶ መልስ ስለተሰጠኝ አመሰግናለሁ። «የጠየቁት ዕረፍት ሕፃን ለመንከባከብ የሚሰጥ በመሆኑ፣ አሁን እንክብካቤ የሚሻ ሕፃን ስለሌለ ቀሪው ይቃጠላል» ይላል። ከሥሩ «መልካም በዓል» ተብሎ ተጽፏል።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን የዘረዘርኩት ስለ እኔ ነው፣ ለእኔ ደግሞ ከእንግዲህ የሚመለስልኝ ነገር የለም። የምጽፈው አጠገቤ ስለምትቆመው ስለ ሻንቲ ነው። ስሟን እንድጠራ ፈቅዳልኛለች። በፌብሩዋሪ ትወልዳለች። የመጀመሪያ ልጇን በቀዶ ሕክምና ስለወለደች ይህኛውም እንዲሁ ይሆናል ተብላለች፤ ዘመዶቿ ሁሉ ሱሪናም ናቸው። እዚህ ያላት ባሏ ቪካሽ ነው፣ እሱም የእርስዎን የማከፋፈያ መኪና ይነዳል። የሁለቱም የማረፊያ ቀን ከእኔው ጋር በአንድ ሌሊት ተቃጥሏል። ሻንቲ ቀልድ ታውቃለች። «ሆዴን በየቀኑ እለምነዋለሁ፣ ‹የኔ እመቤት፣ እባክሽ የፋሲካ ትእዛዝ ሳይጀመር ነይልኝ፣ አለዚያ አባትሽን አይለቁልሽም› እላታለሁ» ብላ ስታስቀን ሰነበተች። ባለፈው ሰኞ ግን አልቀለደችም። ማሽኑ አጠገብ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ሬይን፣ ቪካሽ መንገድ ላይ እያለ ቢደውሉለትስ?» አለችኝ።

በመጪው ሐሙስ ከሠራተኞች ምክር ቤት ጋር ይቀመጣሉ። የአያትዎን ደንብ ለመመለስ የሚያስፈልገው የእርስዎ ፊርማ ነው፤ ምክር ቤቱ ወረቀቱን አዘጋጅቶ ይጠብቅዎታል። የዳቦው ማረፊያ ክፍል በመመሪያዎ አልተነካም፤ ዳቦ ሳያርፍ እንደማይቆረጥ ያውቃሉና አንድም ቀን ማታ የወጣውን በዚያው ማታ ቁረጡ ብለውን አያውቁም። ለሻንቲ የምንጠይቅላት ለዳቦው ያልነፈጉትን ነው። ቪካሽ እጁን ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ማስገባት ግድ ቢሆንበት፣ ማንም ሳይጠራው እዚያው እንዲቆይ ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ደግሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሁለታችንም በመቁረጥ የምንተዳደር ስለሆንን፣ እኔ በማሽን እርስዎ በብዕር፣ የሙያ ጓደኝነታችንን በማሰብ እንደሚረዱኝ ተስፋ አደርጋለሁ። ለቤተሰብዎ ጤና፣ ለፋብሪካው ብልጽግና፣ ለአገራችንም ብዙ ብዙ ልጆች እየተመኘሁ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ እሰናበታለሁ።

ትሑት ሠራተኛዎ
ሬይንደርት ስሎት
የፌና አባት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ልጅ ለወለደ ሠራተኛ ሁሉ የሚላከው የቆርቆሮ ሣጥን እኛም ዘንድ ደርሷል። ከቀብሯ በኋላ ባለው ቅዳሜ ፖስተኛው አመጣው። ክዳኑ ላይ በሮዝ ቀለም «ፌና፣ እንኳን ወደዚህ ዓለም በደህና መጣሽ» ተብሎ ተጽፏል፣ የስሟ ፊደል አልተሳሳተም፤ ሄስተር ቆርቆሮውን ልትለቅ ስላልቻለች እኛ ጋ ይቀራል። ብስኩቱን ግን አንድም ሳይጎድል በከረጢት አድርጌ በቢሮዎ በር ላይ ትቼዋለሁ። ሁለት ጊዜ የተጋገረ ስለሆነ አይበላሽም። በሣጥኑ ውስጥ እርስዎ የፈረሙበት ካርድ ነበር፣ «የመጀመሪያዎቹ ቀናት አይመለሱም፣ እያንዳንዷን ቀን አጣጥሙ» ይላል። እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ አጣጥመው ይብሉት።